እውነት ወይስ ተረት? «መታወቂያ ያልያዘ ይታሰራል»

በዋግ፣ ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ለገበያም ሆነ ለሕክምና የሚወጣን ሰው ቤተሰቡ ሳይጠይቀው የማይሸኘው አንድ ነገር አለ፤ «መታወቂያህን ይዘሃል?» ብር ቢረሳ ከዘመድ ይበደራል። ስንቅ ቢረሳ መንገድ ላይ የሚያካፍል አይጠፋም። መታወቂያ ከተረሳ ግን ጉዞው ራሱ ይቀራል። ለምን ብለው ቢጠይቁ ከሽማግሌው እስከ ተማሪው መልሱ አንድ ነው፦ ሕጉ ነዋ፣ መታወቂያ ያልያዘ ሰው ይታሰራል።

እርስዎም ይህን ሰምተዋል፤ ምናልባት ለልጅዎም ነግረዋል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ መንገድ ለሚወጣ ዘመድ እኔም ያንኑ እላለሁ። ስሕተቱ «ሕጉ ነው» የሚለው ላይ ነው። መታወቂያ ይዞ መሄድ ጥንቃቄ ነው፤ ሳይይዙ መገኘት ግን ለብቻው ሰውን ለማሰር የሚያበቃ ወንጀል አይደለም። ሁለቱ ሲምታቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት የቀን ሠራተኛውና ተፈናቃዩ ናቸው።

ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው የሚይዝባቸው ምክንያቶች ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 እና 51 ላይ ተዘርዝረዋል። ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው አለ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያሳስር ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረም አለ። ሰላም የሚያደፈርስ፣ ፖሊስን ሥራውን እንዳይሠራ የሚያውክ፣ ከእስር ያመለጠ፣ ከጦር ሠራዊት የኮበለለ፣ የተሰረቀ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ዕቃ ይዞ የተገኘ፣ ሁሉም ተጽፈዋል። «መታወቂያውን ቤቱ የረሳ» የሚል መስመር ግን ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት አያገኙም።

ታዲያ ፖሊስ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም ማለት ነው? ይጠይቃል። መጠየቅ ሥራው ነው፤ እርስዎም ስምዎን፣ የመጡበትንና የሚሄዱበትን በእርጋታ ቢናገሩ የሚጎድልብዎ ነገር የለም። የውሸት ስም መስጠት ወይም የሌላ ሰው መታወቂያ ማሳየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ከመርሳት ጋር አይቆጠርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 56 ፖሊስ ሰው ከመያዙ በፊት የሚይዘውን ሰው ማንነት አስቀድሞ ማረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል። የማረጋገጡ ግዴታ የተጣለው በያዡ ላይ ነው። ማንነት ደግሞ በካርድ ብቻ አይረጋገጥም። በዋግ ምድር ሰው የሚታወቀው በአባቱ ስም፣ በደብሩና በአገሩ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሦስት ጥያቄ ሳይሞላ የሚያውቀው ዘመድ ይገኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ አለው፤ አብሮ የተሳፈረው ጎረቤት ምስክር ነው። ፍላጎቱ ካለ መንገዱ አለ።

እምነቱ ለምን እንዲህ ሥር ሰደደ? ሰዉ አላዋቂ ስለሆነ እንዳይመስልዎት። በአንድ ወቅት እውነት ስለነበረ ነው። ደርግ ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ። ቀበሌው ቤት አከራይ፣ ስኳር አዳይ፣ መታወቂያ ሰጪ፣ በኋላም ጠመንጃ ያዥ ሆነ። መጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ሰው በሰፈሩ የቀበሌ ነዋሪ ሆኖ መገኘቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ከአገር አገር ለመሄድም የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ያንን ዘመን ያየ አባት ለልጁ «ወረቀትህን ከደረትህ አታርቅ» ቢል ከተቃጠለበት እሳት የተማረውን ነው የሚያስተምረው።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን እምነቱ እንዳይጠፋ የሚያደርጉ ነገሮች እየተከታተሉ መጡ። በ2009፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ታወጁ። በጥቅምት 2014 የወጣው አዋጅ ሰው ሁሉ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዞ እንዲንቀሳቀስ ግዴታ ጥሎ ነበር። ያኔ «ያልያዘ ይጠየቃል» ያለ ሰው አልተሳሳተም። አዋጁ የካቲት 2014 ሲነሣ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ግዴታ ቀርቷል» ብሎ ኬላ ኬላውን የዞረ ሰው አልነበረም። ገመዱም በቦታው ቆየ፤ ጠባቂውም የለመደውን ጥያቄ ቀጠለ፤ ተሳፋሪውም የለመደውን መልስ ሰጠ። አስገዳጅነቱ ከነጋሪት ጋዜጣ ቢወጣም ከልማድ አልወጣም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነት ሲጀመር ለዜጎቿ ሁሉ መታወቂያ አደለች። ጦርነቱ በ1945 አለቀ፤ መታወቂያው ግን ቀጠለ፤ ፖሊሶችም በማንኛውም ምክንያት መጠየቁን ለመዱት። በ1950 ክላረንስ ዊልኮክ የሚባል የለንደን ነዋሪ መኪና ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ሲጠይቀው «አላሳይም» አለ። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕጉ ገና አልተሻረም ነበርና ዳኞቹ ጥፋተኛ ነህ አሉት፤ ቅጣት ግን አልጣሉበትም። ዋናው ዳኛ ሎርድ ጎዳርድ ለጦርነት የወጣን ሕግ በሰላም ጊዜ ለሌላ ጉዳይ መጠቀም ሕግ አክባሪውን ሰው ከፖሊስ ጋር ያቃቅራል ሲሉ ተቹ። በ1952 መንግሥት መታወቂያውን አስቀረ። ለድንገተኛ ጊዜ የተሰጠ ሥልጣን ካልተጠየቀ በራሱ ፈቃድ አይመለስም።

ሁለተኛው የሚባለው ነገር «እኛ ጋ እኮ አዋጁ አሁንም አለ» የሚል ነው። በአማራ ክልል ይህ አባባል ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 6/2015ን አወጀ፤ ነሐሴ 8 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወራት አራዘመው። አራት ወሩ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ተጠናቀቀ፤ ምክር ቤቱም ዳግመኛ አላራዘመውም። በክልሉ ግጭቱ ስላልቆመ፣ ኬላው ስላልተነሣና «ኮማንድ ፖስት» የሚለው ስም ከሰው አፍ ስላልጠፋ አዋጁም ያለ ይመስላል።

ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ግልጽ ነው። አስቸኳይ ጊዜ የሚያውጀው የፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካላጸደቀው ይወድቃል፤ ከጸደቀም ስድስት ወር ነው የሚቆየው፤ በየአራት ወሩ የሚራዘመውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ክልል በራሱ የሚያውጀው የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ ለጸጥታ ጉዳይ አይችልም። ክልል የማይችለውን ዞን አይችልም፤ ወረዳና የኬላ ኃላፊ ደግሞ ከዚያ በታች ናቸው። ስለዚህ «ከላይ የመጣ መመሪያ ነው» ሲባል «የትኛው አዋጅ? መቼ የጸደቀ?» ብሎ በልብ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአፍ መጠየቁን እንደ ሁኔታው እርስዎ ይመዝኑት።

ይህን ስል ኬላ ላይ የቆመውን ልጅ እንደ ጠላት አላየውም። ሚሊሻውም አድማ ብተናውም የአንዲት እናት ልጅ ነው፤ ከእያንዳንዱ መኪና ማን እንደሚወርድ ሳያውቅ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ፍርሃቱ ፍተሻን ሊያስረዳ ይችላል፤ ያለ ምክንያት ማሰርን ግን ሕጋዊ አያደርግም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 መሠረት ከሕግ ውጭ ሰውን የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ወንጀል ይፈጽማል። በዚያ ኬላ ላይ ሕግ የሚጣስ ከሆነ የሚጥሰው ካርድ የረሳው መንገደኛ ላይሆን ይችላል።

«አዋጅ ካለ ግን ሁሉም ነገር ይፈቀዳል» የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው ተረት ነው። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶች አሉ፤ ከእነሱ መካከል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 እና አንቀጽ 25 ይገኙበታል። አንቀጽ 18 ሰውን በጭካኔና ክብሩን በሚያዋርድ ሁኔታ መያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው በብሔሩ፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ ተለይቶ እንዳይበደል ይጠብቃል። በሌላ አነጋገር፣ መታወቂያ ተቀብሎ «ብሔር» የምትለውን መስመር አንብቦ አንዱን «እለፍ» ሌላውን «ውረድ» ማለት በጦርነት ጊዜም ክልክል ነው።

ተደርጎ አያውቅም ወይ? ተደርጓል። ኅዳር 2014 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ቦታዎች ቢያንስ 1,000 ሰዎች መታሰራቸውን፣ አብዛኞቹም የትግራይ ተወላጆች መሆናቸውን ገልጾ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንደሚያሳስበው ተናግሯል። ዋግ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ሕዝቡ በጋብቻም በገበያም ከትግራይ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የአገው ተወላጆች በተከዜ ወዲያም ወዲህም ይኖራሉ። ኽምጣንጛ፣ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ቤት የሚነገርበት ቦታ አለ። እንዲህ ባለ አገር የብሔር መስመር ሰውን ከራሱ ዘመድ ይለየዋል። ይህ መስመር የት ድረስ እንደሚወስድ ሩዋንዳ አሳይታለች፤ ቤልጂጎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ የጻፉት የጎሣ ስም እ.ኤ.አ. በ1994 በየመንገድ መዝጊያው ማን እንደሚገደል መለያ ሆነ።

«ፋይዳም ያው ነው፣ ብሔር ይመዘግባል» የሚለውን ደግሞ ባጭሩ እንዝጋው። አይመዘግብም። በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ነው የሚይዘው። ብሔርም ሃይማኖትም የለበትም። ለእኔ ይህ ብቻውን ለመመዝገብ በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ስልክም ብዙ ይባላል። «ፖሊስ ስልክህን ክፈት ካለህ መክፈት አለብህ፤ ፎቶህንም ቴሌግራምህንም ያያል።» ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚለው ግን በደብዳቤም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ነው። መንግሥት ጣልቃ የሚገባው ሕግ ሲፈቅድና አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። በ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 32 መሠረትም አካልን ለመፈተሽ በቂ ጥርጣሬ ያስፈልጋል፤ ሴትን የምትፈትሸው ሴት ናት። ብዙ እናቶች ይህን የመጨረሻውን አያውቁትም። ቢያውቁት ኬላ ላይ «ሴት ፖሊስ ትፈትሸኝ» ለማለት ድፍረት ይሆናቸዋል።

ቀጥሎ «አንዴ ከገባህ መርማሪው እስኪለቅህ ነው» ይባላል። አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ ብቻ ነው። ይህች ልዩነት ለገደላማው ዋግ የተጻፈች ትመስላለች። በቅሎ ብቻ በሚያስኬድ መንገድ ሰው ሲያመጡ ሁለት ቀን ላይበቃ ይችላል። ወረዳው ከተማ ላይ ፍርድ ቤት እያለ ሰውን ሳምንት ማቆየት ግን በዚህች ልዩነት አይሸፈንም። ያው አንቀጽ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው ይላል። አማርኛ የማይገባቸው የዋግ ሽማግሌ በአማርኛ ተነግሯቸው «ተነግሯቸዋል» አይባልም፤ በኽምጣንጛ ሊነገራቸው ይገባል። ቤተሰብ፣ የንስሐ አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ መጎብኘት እንደሚችሉ ደግሞ አንቀጽ 21 ይናገራል። ሰዓቱ አልፎ ያልቀረበ ሰው ካለ በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ የታሰረው ራሱ ቃለ መሐላ መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው በስሙ ይሰጥለታል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ በር ላይ ስንቅ ይዞ ይመላለሳል።

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» የሚለውን ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ቅን ሰዎች ከልባቸው ይሉታልና። ንጹሕ ሰው ቀኑን ማጣት ይፈራል። ለሰሊጥ ቆረጣ ወደ ቆላ የሚወርድ የዋግ ወጣት ኬላ ላይ ሁለት ቀን ቢቆይ ሥራውን ሌላ ይይዘዋል። ለመድኃኒት የወጣች እናት ቢመሽባት ልጇ ያለ መድኃኒት ያድራል። ሕገ መንግሥቱ ተከሳሽን እንኳ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል፤ ያልተከሰሰውን መንገደኛ ንጹሕነቱን በካርድ አስመስክር ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደኝ ልምጣ። «ተፈናቃይ መታወቂያ ከፈለገ ወደ መጣበት ተመልሶ ከቀበሌው ያውጣ» ይባላል። ሰቆጣ ይህን በቅርብ ታውቀዋለች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ከ2013 ወዲህ በከተማዋና በአካባቢዋ ዓመታት አሳልፈዋል። ብዙዎቹ የወጡት በሌሊት፣ ልጅ አዝለው፣ ቤታቸውን ሳይዘጉ ነው። መታወቂያውም፣ የልደት ካርዱም፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃም ያለው እዚያው ነው፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትና መዝገቡ እንኳ መትረፉን ማንም አያረጋግጥላቸውም። እነዚህን ሰዎች ኬላ ላይ «መታወቂያ» ብሎ መጠየቅና «የለኝም» ሲሉ መጠርጠር በደልን በበደል ላይ መጫን ነው። መታወቂያ የሌላቸው ተሸሽገው ሳይሆን መንግሥት ሊጠብቃቸው ባለመቻሉ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ብዙ የቀበሌ ሠራተኞች ሰምተውት የማያውቁት ግልጽ መልስ አለው። የአፍሪካ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት አጽድቋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ተቀብላዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ ስለዚህ የውጭ አገር ወረቀት ነው ብሎ መግፋት አይቻልም። የስምምነቱ አንቀጽ 13 መንግሥት ለተፈናቃዮች መታወቂያና የልደት፣ የጋብቻ ማስረጃ እንዲሰጥ፣ በመፈናቀል የጠፋውንም እንዲተካ ያስገድዳል። ይህንንም ሲያደርግ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጥ ይላል። እንዲህ ላለው ቅድመ ሁኔታም ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው ያንኑ እኛ ጋ የሚባለውን ነው፤ ሰውየው ወደ ቀድሞ መኖሪያው እንዲመለስ መጠየቅን።

ስለዚህ ተፈናቃይ ዘመድ ያለዎት ከሆነ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክት። ስሙን፣ የተፈናቀለበትን ቦታና ጊዜ፣ አሁን ያለበትን መጠለያ ወይም ቤት ይጻፍ። ከአንድ አካባቢ አብረውት የመጡ ሁለትና ሦስት ሰዎች በምስክርነት ይፈርሙ። ለፋይዳም ቢሆን ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለና ይጠይቅ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትቶ ከእሱ አይለየው፤ ኬላ ላይ «መታወቂያዬን ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው» ለማለት የሚያሳየው እሱን ነው። ሠራተኛው «ወደ መጣህበት ሄደህ አውጣ» ካለው፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ያን ይዞ ወደ ዞኑ ወይም ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይሂድ። የማመልከቻው መነሻ አዋጅ ቁጥር 1187/2012፣ የስምምነቱ አንቀጽ 13፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ነው።